ራሱን ስለሚመራ ሠራተኛና ስለ ነጋዴው ፈቃድ

በነጋዴዎች ዘንድ ዘወትር ከሚሰማው ሮሮ አንዱ «ሠራተኛ ጠፋ» የሚለው ነው። ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ በየሱቁ ደጃፍ ሥራ የሚለምነው ወጣት ብዙ ነው። ሮሮው ስለ ሌላ ነው። የተቀጠረው ሰው የታዘዘውን ብቻ ሠርቶ ይቀመጣል፤ ያልታዘዘውን ቢያየውም እንዳላየ ሆኖ ያልፈዋል። ደንበኛ መጥቶ ዋጋ ቢከራከረው፣ ዕቃ ጐድሎ ቢያገኘው፣ ከባንክ ስልክ ቢደወልለት መልሱ አንድ ነው፤ «ጋሼ ሳይመጡ ምንም ማድረግ አልችልም» ይላል። ጋሼም ጕምሩክ ናቸው፤ ወይም ለቅሶ ሄደዋል፤ ወይም ለዕቃ ግዢ ዱባይ ናቸው። ደንበኛው ግን ጐረቤት ሱቅ ይገባል።

ይህች አጭር ቃል ነጋዴውን ከሌባ ይልቅ ታከስረዋለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሌባ የወሰደው ዕቃ በቈጠራ ጊዜ ይታወቃል፤ ሠራተኛው ፈርቶ የመለሰው ደንበኛ ግን በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም። በነጋዴ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በጸሓፊነት የሚሠራ ሰው ይህን ዓይነቱን ያልተጻፈ ኪሳራ በየቀኑ ያያል። ስለዚህ ጌቶቻችንን ነጋዴዎችንም፣ እኛን ደመወዝተኞችንም በአንድነት የሚመለከት አንድ አሳብ በዚህ በምክር ቤታችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ለማቅረብ ደፈርሁ። አሳቡም ይህ ነው፤ ሠራተኛው ራሱን እንዳይመራ የሚከለክለው ከሁሉ አስቀድሞ ስንፍናው ሳይሆን የጌታው ፈቃድ መጥፋት ነው።

በሥራ አመራር ትምህርት የተመራመሩ ሰዎች ጠባዩን «ራስን መምራት» ብለው ይጠሩታል። ቃሉን በሊቃውንት ዘንድ ያስታወቀው ቻርልስ ማንዝ የተባለ አሜሪካዊ መምህር ሲሆን፣ ዋና ጽሑፉ የወጣው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1986 ነው (ከዚህ በታች የውጭ አገርን ነገር ስናነሣ ዓመቱን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር እንጽፋለን)። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ከባድ አይደለም። ሰው አለቃው ሳያየው የገዛ ሥራውን ይመለከታል፤ ለራሱ ግብ ይቈርጣል፤ ግቡን ሲያደርስ ራሱን ደስ ያሰኛል፤ ሲያጐድል ራሱን ያርማል። ከዚህም ሌላ በሥራው ውስጥ ደስ የሚያሰኘውን ክፍል ፈልጎ ያገኛል፤ በልቡ የሚመላለሰውንም «አልችልም፤ አይሆንልኝም» የሚል አሳብ መርምሮ እውነቱን ከሐሰቱ ይለያል። እንዲህ ያለው ሰው የራሱን ሥራ ስለሚለካ ጉድለትን ከሌላው ቀድሞ ያያል፤ አዲስ ብልኃትም የሚወለደው ጉድለትን ካየ ሰው ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ቴሬዛ አማቢሌም፣ ሰው በውጭ ግፊት ከሚሠራው ይልቅ ለሥራው ለራሱ ባለው ፍቅር ሲሠራ ፈጠራው እንደሚበረታ በምርምራቸው አሳይተዋል።

«ይህ የአሜሪካኖች ጠባይ ነው፤ ለእኛ ሰው አይሆንም» የሚሉ አስተዋይ ነጋዴዎች አሉ። አባባላቸው ፈጽሞ ከንቱ ነው አልልም። ጌርት ሆፍስቴድ የተባሉ ሆላንዳዊ ሊቅ፣ ከ1967 እስከ 1973 በብዙ አገሮች ከሚገኙ የአይቢኤም ኩባንያ ሠራተኞች የተሰበሰበውን ከ100,000 በላይ መጠይቅ መርምረው በ1980 አንድ የታወቀ መጽሐፍ አሳትመዋል። እርሳቸው እንደሚሉት አንዳንዱ ሕዝብ በአለቃና በምንዝር መካከል ያለውን ርቀት ያከብራል፤ ሌላው አያከብርም። አንዳንዱ ሰውን ለብቻው ይቈጥራል፤ ሌላው ከነወገኑ ይቈጥራል። ኢትዮጵያም ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋራ በአንድነት ተደምራ አለቃውን ከሚያከብረውና በወገን ከሚኖረው ወገን ተመድባለች። (የአዲስ አበባ ገንዘብ ያዥና የሉሳካ ጸሓፊ በአንድ ቍጥር ሲለኩ ቍጥሩ ምን ያህል እንደሚታመን አንባቢ ይፍረድ። የተጠየቁትም የአንድ የውጭ ኩባንያ ደመወዝተኞች እንጂ በጕሊት ንግድ የጀመሩ ሰዎች አልነበሩም።) እንዲሁም በ2002 አሜሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ራስን የመምራት መጠይቅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቻይና ሠራተኞች ዘንድ ሲሞከር ከፊሉ ብቻ እንጂ ሁሉም እንዳለ አልሠራም። ከዚህ ተነሥቶ ግን ቻይናዊው ራሱን አይመራም የሚል ማንም የለም። ጠባዩ በየሕዝቡ ዘንድ ልብሱን ይለውጣል።

በአሜሪካ የለበሰውን ልብስ ለማየት የስሪ ኤምን ኩባንያ ታሪክ መመልከት ይበቃል። ሪቻርድ ድሩ የተባለ ወጣት የቤተ ሙከራ ረዳት የብርጭቆ ወረቀት ለማስሞከር ወደ አንድ የመኪና ቀለም መቀቢያ ሄዶ ሳለ፣ ሠራተኞቹ መኪናን በሁለት ቀለም ሲቀቡ መከለያው ሲነሣ ቀለሙን አብሮ እየላጠ እንደሚያስቸግራቸው ተመለከተ። ማንም ሳያዝዘው ቀለም የማይልጥ ተለጣፊ ወረቀት እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። አለቃው ዊልያም ማክናይት ወደ ታዘዘበት ሥራ እንዲመለስ ቢነግሩትም ሙከራውን አልተወም፤ በ1925 ዛሬ ቀለም ቀቢ ሁሉ የሚሠራበት የወረቀት ፕላስተር ወጣ። እንደሚነገረው፣ ድሩ እስከ 100 ዶላር ድረስ በገዛ ፊርማው ለመግዛት ፈቃድ ነበረውና፣ የተከለከለውን መሣሪያ በ99 በ99 ዶላር እየከፋፈለ ገዝቶታል። ይህን የሰማ ነጋዴ አንዱ ይሥቃል፣ ሌላው ይቈጣል። ማክናይት ከቍጣው ይልቅ ትርፉን ተመለከቱ፤ ኋላም ተመራማሪው ከሥራ ሰዓቱ ከመቶ 15 እጁን በገዛ አሳቡ ላይ እንዲያውል የሚፈቅድ ልማድ በኩባንያው ተተከለ።

የጃፓን መንገድ ሌላ ነው። የቶዮታ ቤተ ሰብ አባት የሆኑት ሳኪቺ ቶዮዳ በ1924 ክር ሲበጠስ ሰው ሳይነካው የሚቆም የሽመና መኪና ሠርተው ነበር። ይህ አሳብ ቈይቶ በአውቶሞቢሉ ፋብሪካ ውስጥ ገመድ ሆነ። ጉድለት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ገመዱን ሲስብ የቡድኑ መሪ ፈጥኖ ይመጣል፤ ጉድለቱ በጊዜው ካልታረመ የሥራው መሥመር ይቆማል። በ1951 ደግሞ ሠራተኛው የማሻሻያ አሳቡን ጽፎ የሚያቀርብበት ሥርዓት ተጀመረ። የሚያስደንቀው የዚህ ሥርዓት ምንጭ ጃፓን አለመሆኑ ነው፤ የኩባንያው ሰዎች አሜሪካ ሄደው በፎርድ ፋብሪካ ያዩት ነበር። ጃፓኖች ወስደው የማኅበር ልብስ አለበሱት፤ ከ1962 ጀምሮም ሠራተኞች በትንንሽ ጓድ ተሰብስበው ስለ ሥራቸው ጥራት የሚመክሩበት ልማድ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። በዚያ ራሱን የሚመራው ጓዱ ነው፤ ሰውየው የሚያስበው ከጓደኞቹ ጋራ ነው።

ሁለቱ ልብሶች በአንድ ቤት ሲገናኙ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የፍሪሞንት ታሪክ ነው። በዚች የካሊፎርኒያ ከተማ ጀነራል ሞተርስ አንድ የመኪና ፋብሪካ ነበረው። ሠራተኛው መቅረት የሚያበዛ፣ በሥራ ላይ የሚጠጣ፣ ከአለቃው ጋራ ሁልጊዜ የሚጣላ እየተባለ የፋብሪካው ስም ከጠፋ በኋላ በ1982 ተዘጋ። በ1984 ጀነራል ሞተርስና ቶዮታ በሽርክና እንደ ገና ከፈቱት። የተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው የጥንት ሠራተኞች ሲሆኑ የሠራተኛ ማኅበራቸውም ያው ነበር። በየተራ ወደ ጃፓን ተልከው ሥራውን አዩ፤ ሲመለሱም ገመዱ በእጃቸው ተሰጣቸው። ብዙም ሳይቈይ ከዚያ የሚወጣው መኪና በጥራቱ ከጃፓኑ ጋራ የሚወዳደር ሆነ፤ መቅረትም እጅግ ቀነሰ። አገሩ ያው፣ ሕንፃው ያው፣ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው። የተለወጠው ለሠራተኛው የተሰጠው ሥልጣንና የአለቃው አኳኋን ነበር። ሽርክናው እስከ 2010 ቈየ፤ ፋብሪካውንም በዚያው ዓመት ቴስላ ገዛው።

ጀነራል ሞተርስ ይህንኑ ሥርዓት በዚያው በካሊፎርኒያ በቫን ናይስ ወደሚገኘው ፋብሪካው ለማዛወር ሞክሮ ነበር። እዚያ ግን ከአለቆቹም ከሠራተኞቹም መካከል ያልተቀበሉት ብዙ ነበሩ፤ ፋብሪካው በ1992 ተዘጋ። ገመድ መስቀል ቀላል ነው፤ ገመዱን የሳበውን ሰው አለመቈጣት ግን ከባድ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የእኛ ሰው ራሱን አይመራም የሚል ቢኖር ዕቁብ ገብቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ዕቁብተኛ ሳምንቱ በደረሰ ጊዜ ገበያ ቀዘቀዘ፣ ልጅ ታመመ ብሎ አያመካኝም፤ ዕቁቡን ይጥላል። ዕጣ ቀድሞ የወጣለትም ዋሱን ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ይከፍላል። ለዚህ ሲል ትንሹ ነጋዴ በየማታው የሽያጩን ገንዘብ ቈጥሮ የዕቁቡን ድርሻ ለይቶ ያስቀምጣል፤ የምሳውን ወጪ ይቀንሳል፤ ልብሱን ለከርሞ ያቈያል። ይህን እንዲያደርግ ያዘዘው አለቃ የለም። ሊቃውንቱ ግብ መቍረጥ፣ ራስን መመልከትና ራስን ማረም የሚሉት ሦስቱም በዚህ ውስጥ አሉ። ልዩነቱ አሜሪካዊው ግቡን በጠረጴዛው ላይ ጽፎ ብቻውን ሲከታተለው፣ የእኛ ሰው ዳኛ፣ ጸሓፊና ዋስ አቁሞ በጐረቤቶቹ ፊት ራሱን ማሰሩ ነው። ጫማ በመጥረግ ወይም በጕሊት ጀምረው በዕቁብ ገንዘብ ሱቅ የከፈቱ፣ ከሱቅም ወደ አስመጭነት የተሻገሩ ሰዎች በመርካቶ ብዙ ናቸው፤ በተለይ የጉራጌ ነጋዴዎች ታሪክ በዚህ የታወቀ ነው።

ፈጠራም አልጐደለንም። ምን አለሽ ተራ የሄደ ሰው የተጣለ በርሜል ምድጃ ሲሆን፣ ያለቀ ጎማ ጫማ ሲሆን፣ ከተሰባበረ ብረት የበር ማጠፊያ ሲወጣ ያያል። እዚያ መዶሻ የያዘው ሰው ገበያው የሚፈልገውን በዓይኑ አይቶ፣ ያለውን ብረት መዝኖ፣ ራሱ ወስኖ ይቀጠቅጣል። የእርሱ ታናሽ ወንድም ሁለት መንገድ ተሻግሮ በሚገኘው ሱቅ ተቀጥሮ «ጋሼ ሳይመጡ» ይላል። ያሳደገቻቸው እናት አንዲት ናት፤ ለታላቁ ያስተማረችውን ከታናሹ አልደበቀችም።

ታዲያ ታናሹን ያደነዘዘው ምንድር ነው? በእኛ ዘንድ «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይባላል። ተረቱ መልካም ነው፤ እሺ ባይ ሠራተኛ በሥራ ቤት ሁሉ ይወደዳል። ነገር ግን ተረቱ የሚያመሰግነው ቅንነትን ነው፤ ዐይንን ጨፍኖ መቀመጥን አይደለም። በተግባር የምናየው እንዲህ ነው። ሠራተኛው የቈየ ደንበኛ እንዳይሄድበት ብሎ ከዋጋው ጥቂት ብር ይቀንሳል። ጋሼ ማታ መጥተው ሲሰሙ በደንበኛና በባልደረባ ፊት «ማን ፈቀደልህ? ሱቁ ያባትህ ነው?» ይሉታል። የተቀነሰው ብር ትንሽ ነው፤ ትርፉም ገና አልጠፋም። ሠራተኛው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመራው አንድ ሕግ አግኝቷል፤ እርሱም «ምንም ካላደረግሁ አልሰደብም» የሚል ነው። ይህንም ሕግ በታማኝነት ይፈጽማል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የጋሼ የወንድም ልጅ በዚያው ሱቅ ተቀምጦ እንዳሻው ሲያዝዝና ማንም ሳይጠይቀው ሲቀር ነው።

በውጭ ንግድ ሥራ ላይ ይህ ጠባይ የሚያስከፍለው ዋጋ በቍጥር ሊታይ ስለሚችል በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ላኪ 320 ጆንያ ቡና ወደ ሐምቡርግ እንዲልክ ኤልሲ ተከፍቶለታል እንበል። ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ሲሆን 19,200 ኪሎ፣ የአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ጭነት ነው። በሌሊት ሲጫን ሁለቱን ጆንያ ዝናብ አርሶት ተገኘ። የጌታው ስልክ አይነሣም። «የታዘዝሁት መጫን ነው» የሚለው ሠራተኛ 318ቱን ጭኖ ያሳሽጋል፤ ክፉውንም ወሬ ለነገ ያሳድረዋል።

አሁን ሰነዱ ባንክ ይገባል። የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ባወጣውና ከሐምሌ 2007 ጀምሮ በሚሠራበት ዩሲፒ 600 በተባለው ደንብ መሠረት ባንክ የሚመረምረው ሰነዱን ነው፤ ቡናውን አይደለም። በዕቃው መጠን ላይ ከመቶ አምስት እጅ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት በደንቡ ቢፈቀድም፣ ኤልሲው መጠኑን በጆንያ ቍጥር ከተናገረ ይህ ምሕረት አይሠራም። ስለዚህ 318 የሚል የጭነት ሰነድ ጉድለት ያለበት ሰነድ ይሆናል። ገዢው ካልተስማማ ባንኩ ላለመክፈል ምክንያት ያገኛል፤ ገዢውም መስማማቱን ለዋጋ ቅናሽ መደራደሪያ ሊያደርገው ይችላል። ባንኩ ሰነዱን መርምሮ ለመወሰን ያለው ጊዜ ቢበዛ አምስት የባንክ የሥራ ቀን ነው። ላኪውም፣ ኤልሲው ሌላ ቀን ካልወሰነ በቀር፣ ሰነዱን ዕቃው በተጫነ በ21 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ ኤልሲው ከሚያበቃበት ቀንም ማለፍ አይችልም። ቡናው በባሕር ላይ ሳለ ቀኑ ይቈጠራል። ሁለት ጆንያ የ318ቱን ዋጋ ያዘ ማለት ነው።

ራሱን የሚመራ ሠራተኛ በዚያ ሌሊት ከዚያው ዓይነትና ደረጃ የተረፈ ቡና ካለ ሁለት ጆንያ ሞልቶ ሰፍቶ ቍጥሩን ባሟላ ነበር፤ ባይኖርም መኪናውን እስኪነጋ አቁሞ የማቆያውን ሒሳብ ከነምክንያቱ በጻፈ ነበር። ነገር ግን ይህን ለማድረግ አስቀድሞ ሊሰጠው የሚገባ ነገር አለ። የኤልሲውን ቃል ማወቅ አለበት። እኛ ጸሓፊዎች እንደምናውቀው ብዙ ነጋዴ የኤልሲውን ግልባጭ በመሳቢያው ቈልፎ ይይዛል፤ ጭነቱን የሚቆጣጠረው ሰው የሚያውቀው የመኪናውን ታርጋ ብቻ ነው። መኪናን አንድ ሌሊት ለማቆም ፈቃድ ሊኖረውም ይገባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠዋት እንደማይሰደብ ማወቅ አለበት። ይህ የመጨረሻው ገንዘብ አያስወጣም፤ ግን ከሁሉ ይልቅ ሲጐድል የሚታየው እርሱ ነው።

«ፈቃድ ብሰጠው ይሰርቀኛል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስርቆት አለ፤ የለም ብሎ መከራከር ሞኝነት ነው። ሆኖም ሌባ በትእዛዝ ሥር ሆኖም ይሰርቃል፤ የሚይዘው ቈጠራ እንጂ የጌታው ፊርማ አይደለም። ፈቃድ ልክ ይኑረው። ለሻጩ በዋጋ ላይ እስከዚህ፣ ለጭነት ኃላፊው በብር እስከዚህ፣ ለጸሓፊው በደብዳቤ እስከዚህ ተብሎ በጽሑፍ ይሰጥ፤ የተደረገውም በዕለቱ ይመዝገብ። በአሜሪካ የ100 ዶላሩ ልክ የሠራውን ሥራ አይተናል።

እዚህ ላይ የባሕላችንን ነገር መርሳት አይገባም። የአሳብ መስጫ ሣጥን ከግድግዳ ላይ መስቀል ለእኛ ሰው አይስማማም ባይ ነኝ፤ ስሙን ቢጽፍ ያፍራል፣ ስሙን ባይጽፍ እንደ ከሳሽ ይቈጠራል። የእኛ ሰው ራሱን የሚያስረው በምስክር ፊት ስለሆነ፣ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት በሳምንት አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ ሁሉም የወሰነውንና ያየውን ጉድለት ቢናገር ይሻላል። በዚያ ጉባኤ ታናሹ አስቀድሞ ይናገር። ጋሼ ከተናገሩ በኋላ «እንዳሉት ነው» ከማለት በቀር የሚናገር አይገኝም።

ሌላው ፍርሃት ከስርቆቱ ይልቅ እውነትነት አለው። ራሱን መምራት የለመደ ሠራተኛ አንድ ቀን የራሱን ሱቅ ይከፍታል። ዕቃው ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፤ ደንበኞቹን በስማቸው ይጠራል፤ ምናልባትም የሚከፍተው እዚያው ተራ ውስጥ ነው። ብዙ ነጋዴ ይህን እንደ ክዳት ይቈጥረዋል፤ ስለዚህም ብልኁን ሠራተኛ በጥበቃ ይይዘዋል፣ የዕቃውን ምንጭ ይደብቀዋል። እኔ በዚህ ነገር ከብዙዎቹ እለያለሁ። ተመርቆ የወጣ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት ዕቃውን በዱቤ የሚወስደው ከቀድሞ ጌታው ነው፤ ጌታውም ከማንም ይልቅ ጠባዩን ስለሚያውቅ ዱቤው የሚያሠጋ አይደለም። ተጣልቶ የወጣው ግን ሌላ አስመጭ ይፈልጋል። በመርካቶ የጅምላ ንግድ የቆመው በዚህ ዓይነት ሰንሰለት ላይ ነው። ዛሬ ትልልቅ የሆኑት ነጋዴዎች ራሳቸው የማን ተላላኪ እንደ ነበሩ ቢያስታውሱ ክርክሩ ባጠረ ነበር።

ነገሩን ዛሬ ማንሣት ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ገበያው ተለውጧልና ነው። ለአገር ተወላጆች ተጠብቆ የቈየው የአስመጭነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለ ሀብቶች እንዲከፈት በ2016 ዓ.ም. መመሪያ ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወርም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። የሚመጣው የውጭ ኩባንያ ብዙ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ ይህን ሁሉም ያወራዋል። ብዙ ያልተወራው ግን ባለቤቱ ሌላ አገር ተቀምጦ ሳለ በባንኮኒው ጀርባ ሆኖ መወሰን የለመደ ሠራተኛ ይዞ የሚመጣ መሆኑ ነው። እያንዳንዱን ደረሰኝ ራሱ የሚፈርም ነጋዴ ሁለት እጅና አንድ ስልክ ብቻ አለው።

ከዚህም ጋራ አንድ የቈየ በሽታችን አለ። አንድ ነጋዴ አዲስ ሸቀጥ አምጥቶ ሲያተርፍ በሦስተኛው ወር ተራው ሁሉ ያንኑ ያመጣል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ ሁሉም በአንድነት ያዝናል። አዲስ ሸቀጥ ምን እንደሆነ ለማወቅ ዱባይና ጓንጁ ድረስ እንሄዳለን። በየቀኑ ደንበኛ ጠይቆት «የለም» የተባለውን ዕቃ የሚያውቀው ግን በሱቁ የቆመው ሠራተኛ ነው። አንድ ደብተር ተሰጥቶት የተጠየቀውንና ያልተገኘውን፣ ከነመጠኑና ደንበኛው ሊከፍል ከፈቀደው ዋጋ ጋራ፣ በየዕለቱ ይጻፍ። ነጋዴውም ለግዢ ከመነሣቱ በፊት ያንን ደብተር ያንብብ፤ ከደብተሩ ውስጥ የተገኘ ሸቀጥ ባተረፈ ጊዜም ለጻፈው ሰው ከትርፉ ድርሻውን ይስጥ። ድርሻው ስንት ይሁን የሚለው በየቤቱ የሚወሰን ነው፤ በሰው ፊት መሰጠቱ ግን ከመጠኑ የማያንስ ዋጋ አለው።

ለምክር ቤታችንም አንድ ልመና አለኝ። ስለ ኤልሲ፣ ስለ ጭነት ሰነድና ስለ ጕምሩክ ሥርዓት ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ ጥሪው ለባለቤቶችና ለሥራ አስኪያጆች ብቻ አይሁን፤ ትምህርቱም በቀላል አማርኛ ይሰጥ። ከላይ ያነሣነውን የጆንያ ቍጥር ደንብ ማወቅ የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት በሌሊት መጋዘን የሚያድረው ሰው ነው። በሚቀጥለው የጥሪ ደብዳቤ ላይ «የጭነት ኃላፊና የመጋዘን ሠራተኛ» የሚሉት ቃላት እንዲጨመሩ፣ የትምህርቱም ሰዓት ከሱቅ መዝጊያ በኋላ እንዲሆን እጠይቃለሁ።